የእርሻ መሬት ወይስ የግብርና መሬት? የኢትዮጵያንና የግብፅን ሄክታር ስናነጻጽር

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ብዙዎቻችን ፋኦ የምንለው፣ ከ1961 ጀምሮ የየአገሩን የመሬት አጠቃቀም በየዓመቱ ይመዘግባል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ መዝገብ የኢትዮጵያን ቁጥር አውጥቶ በመስመር የሚስል ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥመዋል። ለሠላሳ ዓመት ከ50 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኖ የዘለቀው መስመር 1993 ላይ ሲደርስ ገደል እንደገባ ወርዶ 30 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ያርፋል። በአንድ ዓመት ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ጠፋ ማለት ነው። የግብፅ መስመር ደግሞ ከታች ነው፤ ከ2.6 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል።

ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «ኢትዮጵያ የእርሻ መሬቷን አጣች፣ ግብፅ በረሃውን አለማች» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ግን ልክ አይደለም። ስህተቱ ከቁጥሮቹ ይልቅ ከስያሜያቸው ይጀምራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስያሜውን እንፍታው።

በአማርኛ ዜናም ሆነ ዘገባ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «የእርሻ መሬት» ተብሎ ይቀርባል። «እርሻ» ሲባል ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው የሚመጣለት በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ትልም ነው። ፋኦ የሚቆጥረው ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ቁጥሩ ሦስት የተለያዩ መሬቶች ተደምረው የሚገኝ ነው። አንደኛው የሚታረሰው መሬት ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ጥጥ፣ አትክልት የሚዘራበት፣ ከአምስት ዓመት ላነሰ ጊዜ ጦም ያደረውም ጭምር። ሁለተኛው የቋሚ ተክል መሬት ነው፤ ቡና፣ ብርቱካን፣ ማንጎና የመሳሰሉት አንዴ ተተክለው ለዓመታት የሚቆዩበት። ሦስተኛው ቋሚ የግጦሽ መሬት ነው፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሣር ሆኖ ከብት የሚግጥበት፣ ሰው የዘራውም ሆነ በራሱ የበቀለ። ስለዚህ በአፋር በረሃ ዳር ግመል ቅጠል የሚቀነጥስበት ሜዳና በአደአ ጤፍ የሚዘራበት ጥቁር አፈር በዚህ ቁጥር ውስጥ እኩል አንድ አንድ ሄክታር ናቸው። «የግብርና መሬት» ብንለው ይሻላል፤ ግብርና ከብት ማርባትንም ያቅፋል፣ እርሻ ግን አያቅፍም። እኔ ከዚህ በኋላ ድምሩን የግብርና መሬት፣ የሚታረሰውንና የቋሚ ተክሉን አንድ ላይ ደግሞ የሰብል መሬት እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ 1993ቱ ገደል እንመለስ። ከዚያ ዓመት በፊት ያለው በፋኦ መዝገብ «ኢትዮጵያ» በሚል ስም አይደለም የተቀመጠው። ስሙ ኢሕዲሪ ነው፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ። ይህ ስም ለአገሪቱ የተሰጠው በ1987 ቢሆንም መዝገቡ ግን ወደ ኋላ ሄዶ በንጉሡ ዘመን የነበሩትን የ1960ዎቹን ዓመታትም በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ስታውጅ ያ መዝገብ ተዘጋና «ኢትዮጵያ» እና «ኤርትራ» የሚባሉ ሁለት አዲስ መዝገቦች ተከፈቱ። ከ1961 እስከ ዛሬ አንድ ወጥ መስመር ለመሳል የሚሞክር ሰው የሚያደርገው እንግዲህ የሁለት አገር ካርታ መቀጠል ነው።

ታዲያ የድንበሩ መለወጥ ብቻውን ገደሉን ያስረዳል? እስቲ እናስላው። የኤርትራ ጠቅላላ ስፋት፣ ተራራውም በረሃውም ደሴቱም ተደምሮ፣ 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ በአዲሱ መዝገብ ለግጦሽ የተያዘላት ወደ 7 ሚሊዮን ነው። በኢሕዲሪ መዝገብ ግን ግጦሹ ብቻውን 45 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነበር፤ ከ1993 ወዲህ ለኢትዮጵያ የተጻፈው 20 ሚሊዮን ነው። ከ45 ላይ 20ውንና 7ቱን ብንቀንስ ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የትም ሳይገኝ ይቀራል። ከኤርትራ ሙሉ ስፋት የሚበልጥ መሬት ነው! ማንም አላረሰውም፣ ደን አልለበሰም፣ ከተማም አልተሠራበትም። የተለወጠው «የግጦሽ መሬት» ተብሎ የተገመተው መጠን ራሱ ነው። ገደሉ በአብዛኛው የተቆፈረው ወረቀት ላይ ነው።

ይህን ያህል የደከምኩበት ያለ ምክንያት አይደለም። የግጦሽ መሬት በዓለም ዙሪያ ከሁሉም ይበልጥ በግምት የሚያዝ ቁጥር ነው። የታረሰ ማሳ ዳር ድንበር አለው፣ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ምርቱ ይመዘናል። የቦረና ወይም የሶማሌ አርብቶ አደር የሚንቀሳቀስበት ምድር ግን በዝናቡ ይሰፋል፣ በድርቁ ይጠባል፤ ዘንድሮ ከብት የዋለበት ለከርሞ ባዶ ሊያድር ይችላል። ይህ መሬት ነው በድምሩ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው። ግብፅ ጋ ደግሞ ይህ ዓምድ ባዶ ነው፤ ፋኦ ለግብፅ ቋሚ የግጦሽ መሬት ብሎ የሚመዘግበው የለም። እዚያ የግብርና መሬት ማለት የሰብል መሬት ማለት ነው።

ሁለቱ አገሮች በቆዳ ስፋታቸው የሚቀራረቡ መሆናቸው ንጽጽሩን ይበልጥ ያሳስታል። ግብፅ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ኢትዮጵያ ትንሽ ትበልጣለች። በመቶኛ ሲነገር የኢትዮጵያ የግብርና መሬት ከአገሪቱ ሲሶ ይሆናል፣ የግብፅ 4 በመቶ ገደማ። ስምንት እጥፍ! ግን የኢትዮጵያን ግጦሽ አውጥተን ሰብል ከሰብል ጋር ስናስተያይ በ2010ሮቹ መጨረሻ 18 ሚሊዮን ሄክታር አካባቢ ከ4 ሚሊዮን ትንሽ ካነሰ ጋር ይቀርባል። ወደ አምስት እጥፍ ወረደ። ገና አልጨረስንም።

ከመቀጠሌ በፊት የኢትዮጵያ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ ማሳየት እፈልጋለሁ፤ የሄክታርን ነገር በቁም ነገር እንድይዘው ያደረገኝ እሱ ነውና። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አገሩን ሁሉ አይለካም፤ በናሙና የተመረጡ የቆጠራ ቦታዎች አሉ፣ በእነሱ ውስጥ የተመረጡ ቤተሰቦች አሉ። መረጃ ሰብሳቢው ገበሬውን «ስንት መሬት አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በሄክታር አይመጣም። «ሦስት ጥማድ» ይባላል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ሩብ ሄክታር ይባላል እንጂ መሬቱ ቀላል አፈር ከሆነ ይሰፋል፣ ዳገትና ድንጋያማ ከሆነ ይጠባል፣ በሬውም ከስቶ እንደሆን እንዲሁ። ስለዚህ ሰብሳቢው የገበሬውን ቃል ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ድሮ ኮምፓስና ሜትር፣ ዛሬ ጂፒኤስ ይዞ የማሳውን ዳር ዳር ይዞራል። ገብሱ የሚያልቅበትና ባቄላው የሚጀምርበት ወሰን ላይ ይቆማል። በቅርብ ሲያዩት አንዱ ገበሬ አለኝ የሚላት አንድ ሄክታር አራትና አምስት ቦታ የተበጣጠሰች ናት፤ አንዷ ቤቱ ጥግ፣ አንዷ ወንዝ ማዶ። የእነዚህ ቁርጥራጮች መለኪያ ተባዝቶ ተደምሮ ነው የአገሩ ቁጥር የሚሆነው።

በዚህ መንገድ የሚገኘው፣ አነስተኛ ገበሬዎች በመኸር እህል የሚሸፍኑት መሬት፣ በ2010ሮቹ አጋማሽ 12 ሚሊዮን ተኩል ሄክታር አካባቢ ነበር፤ ጤፍ ብቻውን 3 ሚሊዮን ያህሉን ይይዛል። ከፋኦው 18 ሚሊዮን ጋር ለምን አልገጠመም የሚል ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። መኸር ብቻ ነው፣ እህል ብቻ ነው፣ የአነስተኛ ገበሬ ብቻ ነው። ቡናው፣ እንሰቱ፣ ጫቱ፣ አትክልቱ፣ ሰፋፊ እርሻዎቹና ጦም ያደረው ከውጭ ቀርተዋል። ሁለቱም ቁጥሮች «የኢትዮጵያ እርሻ» ተብለው በጋዜጣ ሊወጡ ይችላሉ።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። የ2010 ዓ.ም. መኸር በ2009 ሰኔ ተዘርቶ እስከ 2010 ጥር የሚሰበሰብ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2017ንም 2018ንም ይረግጣል። በአንዱ ሠንጠረዥ 2017፣ በሌላው 2018 ተብሎ ሲቀመጥ የአንድ ዓመት «ዕድገት» ወይም «ማሽቆልቆል» ከምንም ይፈጠራል። በተለይ ድርቅ በነበረበት ዘመን ዙሪያ ይህን ሳያጣሩ መናገር ነውር ነው ባይ ነኝ፤ ሰው የተራበበትን ዓመት ማሳሳት ነውና።

ወደ ግብፅ እንሻገር። እዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ካይሮ በዓመት የምታገኘው የአዲስ አበባ የአንድ ሳምንት ክረምት አይሞላም። ሰብሉ የሚበቅለው በናይል ውኃና በቦይ ነው። መሬቱን የሚለኩት በፈዳን ነው፣ አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር። ከ1961 እስከ 1990 የግብፅ ቁጥር ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር አካባቢ ሲዋልል ኖረ። በዚያ መሀል ግን በ1970 የአስዋን ትልቁ ግድብ ተጠናቆ ነበር። ግድቡ የጎርፉን ዘመን ዘግቶ ውኃው ዓመቱን ሙሉ እንዲገኝ አደረገ። ገበሬው በክረምት (የእነሱ ክረምት ከኅዳር በኋላ ነው) ስንዴ ወይም በርሲም የሚባለውን የከብት መኖ ይዘራል፣ በበጋ ደግሞ በዚያው ማሳ ላይ በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ጥጥ። ማሳው በዓመት ሁለቴ ያመርታል።

ፋኦ የሚታረስ መሬትን ሲቆጥር ግን ሁለቴ የተዘራን ማሳ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጥረው። መሬት ነውና የሚለካው፣ ይህ አሠራር ትክክል ነው። የታጨደውን ስፋት ብንለካ ግን የግብፅ 4 ሚሊዮን የማይሞላ መሬት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በኢትዮጵያ በአንጻሩ አብዛኛው ማሳ የሚጠብቀው ሰማዩን ነው፤ በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ሁለቴ የሚዘራ አለ፣ የበጋ መስኖ ስንዴም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየሰፋ ነው፣ ቢሆንም ከጠቅላላው ሲታይ የመኸሩ ድርሻ ይገንናል። ስለዚህ አምስት እጥፍ ያልነው ልዩነት በታጨደ ስፋት ሲታይ ወደ ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ምርት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስንዴን እንውሰድ። በ2010ሮቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ወደ 1.7 ሚሊዮን ሄክታር ስንዴ ትዘራ ነበር፣ ግብፅ 1.4 ሚሊዮን አይሞላም። ከአንድ ሄክታር ኢትዮጵያ 28 ኩንታል ገደማ ስታገኝ ግብፅ 65 ኩንታል አካባቢ ታገኛለች። ባነሰ መሬት ወደ 90 ሚሊዮን ኩንታል፣ በበለጠ መሬት ከ50 ሚሊዮን በታች። መስኖው፣ ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ዓመት ሙሉ የማይጠፋው ፀሐይ ተደምረው ነው። ግብፅ ያም ሆኖ ከዓለም ትልልቅ የስንዴ ገዢዎች አንዷ ናት፤ የሕዝቡ ቁጥር ከማሳው ቀድሟልና።

ለነፍስ ወከፍ ስናካፍለው ይህ ጎልቶ ይታያል። በ1961 ግብፅ 27 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ ለአንድ ሰው 950 ካሬ ሜትር ገደማ የሰብል መሬት ይደርሰው ነበር። በ2020 መጀመሪያ የሕዝቡ ቁጥር 100 ሚሊዮን ሲሞላ ድርሻው ወደ 400 ካሬ ሜትር ወርዷል፣ መሬቱ በግማሽ ያህል ጨምሮ ሳለ። በኢትዮጵያ በ1993 ለአንድ ሰው 2,000 ካሬ ሜትር አካባቢ ነበር፤ በ2018 ወደ 1,600 ወረደ። በኳስ ሜዳ እንየው ከተባለ አንድ ሙሉ ሜዳ በኢትዮጵያ ለአራት፣ ለአምስት ሰው ሲሆን በግብፅ ለአሥራ ስምንት ሰው ነው።

የግብፅ ቁጥር ከ1990 በኋላ ማደጉ ደግሞ የራሱ ምስጢር አለው። የጨመረው በረሃው ነው። መንግሥት አሸዋውን በመስኖ የማልማት ዕቅዶችን አንዱን በአንዱ ላይ ሲደራርብ ኖሯል፤ በ1997 የተጀመረው ቶሽካ አለ፣ በ2015 ይፋ የሆነው የአንድ ሚሊዮን ተኩል ፈዳን ፕሮጀክት አለ። በዚያው ጊዜ ከአሮጌው መሬት፣ ከደልታውና ከወንዙ ሸለቆ፣ ምርጡ አፈር በቤት እየተሸፈነ ሄደ። የላይኛውን አፈር ጠርጎ ለጡብ መሸጥ ተስፋፍቶ ስለነበር በ1983 በሕግ እስከ መከልከል ተደርሷል፤ ከ2011 አብዮት በኋላ በነበረው የቁጥጥር ክፍተት ደግሞ በእርሻ ላይ መገንባቱ ተባባሰ። ሠንጠረዡ ይህን ለይቶ አያሳይም። አንድ ሄክታር ጥቁር የወንዝ ደለል በጡብ ቤት ተውጦ አንድ ሄክታር አሸዋ በክብ በሚዞር መስኖ ቢተካ የቁጥሩ ለውጥ ዜሮ ነው። ያ ደለል ደግሞ አብዛኛው ከእኛው ደጋ በአባይ ታጥቦ የሄደ አፈር ነው፤ ከአስዋን ግድብ ወዲህ ሐይቁ ስለሚያስቀረው በየዓመቱ አይታደስም። ጎጆ፣ ተራራና ትልም ይዞ የወረደው አፈር ዛሬ የሌላ አገር የግብርና መሬት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ ማየት ያቅተኛል።

አሁን የኢትዮጵያን ከ1993 ወዲህ ያለውን ብቻ እንይ፣ ድንበሩ አንድ ስለሆነ። ድምሩ ከ30 ሚሊዮን ተኩል ወደ 38 ሚሊዮን አድጓል፤ ሩብ ያህል ጭማሪ። የሰብል መሬቱ ግን ከ10 ሚሊዮን ተኩል ወደ 18 ሚሊዮን ሄዷል፤ ከ70 በመቶ በላይ። አንድ ዓይነት መረጃ ነው፣ ግን አንዱ ዝግ ያለ ጉዞ ሌላው ሩጫ ይመስላል። ሁለተኛው ከእውነታው ጋር ይቀራረባል፤ ከተማ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ገደሉ አፋፍ ድረስ መታረሱን ያውቃል። ከዓመት ዓመት ያለው ዝላይ ሁሉ ግን የማረሻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመቁጠሪያ ዘዴ መሻሻልም አለበት። ፋኦ ከየቁጥሩ ጎን መንግሥት የላከው መሆኑን ወይም ድርጅቱ የገመተው መሆኑን የሚለይ ምልክት ያስቀምጣል። ንጽጽር ለመሥራት የሚነሳ ሰው ይህን ምልክት ሳያይ መስመር ባይስል እመክራለሁ።

የግጦሹ ዓምድስ? በ1993 20 ሚሊዮን። በ2000 20 ሚሊዮን። በ2010 20 ሚሊዮን። ከዚያም ወዲህ ያው። የሰብሉ መሬት በ7 ሚሊዮን ተኩል ሄክታር ሲጨምር ከየት መጣ? ከፊሉ ከደንና ከቁጥቋጦ። የቀረው ግን ከግጦሽ እንደመጣ በደጋው የሚኖር ሁሉ ያውቃል፤ የወል መስኩ ለሥራ አጥ ወጣቶች ተከፋፍሏል፣ የረግረጉ ዳር ተቦጭቆ ታርሷል። ግጦሽ ታርሶ ሰብል ሲሆን ከአንዱ ዓምድ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነበረበት፣ ድምሩም ባለበት መቆም። የግጦሹ ቁጥር ስላልተነካ ግን ያው መሬት ሁለት ቦታ ሊቆጠር ይችላል፤ እንደ ሜዳም፣ እንደ ማሳም። የድምሩ ሩብ ዕድገት ስንቱ እውነተኛ እንደሆነ ከሠንጠረዡ ብቻ ማውጣት አይቻልም።

በቆላው ደግሞ ነገሩ ከማረስም ያልፋል። በአዋሽ ዳር በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ፣ በአሚባራ ጥጥ ከተስፋፋ ቆይቷል፤ ለአፋር ከብት እነዚያ የወንዝ ዳር ሣሮች የበጋ መጠጊያ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፕሮሶፒስ የሚባለው ባለ እሾህ ዛፍ ወርሶታል። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባ ነው፤ ዛሬ ሣሩን አጥፍቶ ከብት የማያልፍበት ጥሻ ሆኗል። ፍሬውን ከብቶቹ ራሳቸው በልተው በእበታቸው ይበትኑታል፣ በዝናብ ማግስት በየመንገዳቸው ይበቅላል። የአፋሩ እረኛ ውኃ ለማጠጣት ያንን ጥሻ በጎን ይዞራል፣ አገዳውንም በጎን ይዞራል። በመዝገቡ ላይ የሚዞርበት መሬት ከ1993 ጀምሮ አንድ ሄክታር አልቀነሰም።